የማይዘጋው ሂተር

ታኅ. 9፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ሱቁን ግማሽ በር ከፍቼ ዋልኩ። ኮንጎ ጫማ ጥቂት ሄደ። ጆግና ሳፋ የሚጠይቅ የለም። ቡራዩ ሰው ዘይትና ዱቄት ብቻ ነው የሚገዛው፣ ያውም እየሮጠ። ትናንት ላይኛው መንገድ ላይ የተቃጠለው ጎማ አሁንም ይሸታል።

ደብተሬ፣ ዋናውን ወሬ አዘገየሁብሽ። ባልቴቷ ተገኝታለች። ከድር አልተገኘም።

ባልቴቷ መኪናችን ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ግን አትቆምም። ባለቤቴ ከድር በእሷ ነው ለሱሉልታ ሱቆች ዕቃ የሚያደርሰው። ኅዳር ሲያልቅ እንደወጣ ቀረ። ስልኩ ዝግ። ማስተር ፕላኑን የተቃወሙ ልጆች መንገድ ይዘጋሉ፣ ወታደር ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል። ኔትወርክ አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም።

ትናንት አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ደወሉ። ኦቦ ደበላ እባላለሁ አሉ። ቁጥሩን ያገኙት የኋላ መስታወት ላይ ከለጠፍነው የሱቅ ማስታወቂያ ነው። መኪናችሁ እኔ ግቢ ናት፣ ኑና ውሰዷት። ዘጉት።

ዛሬ በሚኒባስ ሄድኩ። ከሱሉልታ አልፎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ የገበሬ ግቢ። ባልቴቷን ከጭድ ክምር ሥር አወጡልኝ። መንገድ ዳር በሯ ተከፍቶ፣ ቁልፉ ተሰክቶ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ ማሞቂያዋ እየነፋ አገኘኋት አሉ። ሰው አልነበረባትም። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ስለ ከድር ስጠይቅ ዋቃ ያውቃል፣ በቃ። በዚያ አገር እንግዳ ወተት ሳይቀምስ አይሸኝም። እኔን ግን ደጅ ላይ አቁመው ሸኙኝ።

ነዳሁ። እንጦጦ ሽቅቡ ላይ ሙቀት መጣ። ከእኔ በኩል አይደለም፣ ከጎኔ ካለው ባዶ ወንበር በኩል። የሂተሩ መክፈቻ ዝግ ላይ ነው። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ለውጥ የለም። ለብ ያለ፣ እርጥበት ያለው አየር፤ ሰው ተጠግቶ ሲተነፍስብሽ እንደሚሰማው። አዲሱ ገበያ እስክደርስ ወደዚያ ዞሬ አላየሁም።

ታኅ. 10፣ እሑድ። ጠዋት

ፀሐይዋ ግቢ ስትገባ የመኪናዋ መስታወት ደመነ። ከውስጥ። በአንድ ጎን ብቻ፣ በዚያ ወንበር በኩል። እና በጉሙ መሀል አምስት ጣት። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የተንሸራተተ። ቀጫጭን ጣቶች። የከድር እጅ አይደለም፤ የከድር እጅ አካፋ ነው።

እማ ዘይነባ አዩት። የከድር እናት ናቸው፣ አብረውን ይኖራሉ። ቢስሚላህ አሉና ጫማቸውን ጥለው ቤት ገቡ። ጂን ነው፣ ቁርኣን ይቀራባት፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካት። እኔ አልሰማሁም፣ በሩን ከፈትኩ። ምንጣፉ ረጥቧል። ስጫነው ቀይ ውሃ ወጣ። እማ ከመስኮት ሆነው ደም ነው ብለው ለቅሶ ጀመሩ። ጣቴን ነከርኩ፣ አሸተትኩ። ዝገት ነው አልኳቸው። ነው መሰለኝ።

ጂን ለእሳቸው መጣላቸው። ለእኔ የመጣልኝ ሌላ ነው።

ስሚ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ እንደ አልጋ። ልብሱ የለም፣ ስፖንጁ ራቁቱን ነው። ጣቱ ቀጭን ነው። ሂተሩ ደግሞ! ከድር እኮ ሐምሌ ላይ መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ሰው ነው። ሂተር እንቅልፍ ይጠራል ይላል። ፍቼ ለቅሶ ስንሄድ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ትንሽ ክፈትልኝ ስለው፣ ተከናነቢ አለኝ። ተከናነቢ! አሥራ አንድ ዓመት ተከናንቤ ኖሬያለሁ።

ማንን ነው ያሞቅከው፣ ከድር?

መስታወቱን በሳሙና አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። ጣቶቹ ጠፉ። ደስ አለኝ። ባሌ ይኑር ይሙት ሳላውቅ በመስታወት ቀናሁ። ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

ታኅ. 12፣ ማክሰኞ

ጣቢያ ሄድኩ፣ ሁለት ቦታ። በስሙ የተያዘ የለም። አንዱ መዝገብ ሳያይ ነው የለም ያለኝ። ሆስፒታልም የለም። ሬሳ ክፍል በር ላይ ቀረሁ፣ የሱቅ ጎረቤቴ ገብታ አየችልኝ። የለም።

ስመለስ ባልቴቷን እንደገና በረበርኩ። የሴት ነገር ነው የምፈልገው፤ ሻሽ፣ ፀጉር፣ ሽቶ። ያገኘሁት የከድርን ኮፊያ ነው። ለዓርብ ሶላት የሚያደርጋት ነጯ። በሹፌሩ በኩል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ውስጥ በጣት ተገፍታ ተወትፋለች። ጫፏ ጠይሟል። ሌላውም የሹፌር ቀዳዳ በካልሲ ተደፍኗል። የመኪናዋ ሙቀት በሙሉ ወደዚያ ወንበር እንዲሄድ አድርጓል። አንድም ለራሱ አላስቀረም።

ኮፊያውን! ይህን የሚያደርግ ሰው አብዷል ወይ ወዷል።

ማታ እራት አልቀረበም። እማ ሶላታቸው ረዘመ።

ታኅ. 14፣ ሐሙስ። ሰበታ

ማርቆስ ጋ ነኝ። ጋራዡ ደጃፍ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ማርቆስ የከድር መካኒክ ነው፣ ከወላይታ ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ ጋራዥ የከፈተ፣ መዝሙር እያዜመ ቡሎን የሚፈታ። ለሌላ ሰው ባልቴቷን አናስነካም።

መንገዱ ደስ አይልም። ከአየር ጤና ወዲህ ሚኒባሶቹ ባዶ ይሮጣሉ። አለም ገና ላይ ድንጋዩ ተጠርጎ ዳር ተከምሯል፣ ማን እንደጠረገው ሰው አይታይም። የአንዱ ፋብሪካ በር ተከፍቶ ዘበኛም የለው፣ ውስጥ የሆነ ማሽን ብቻውን ይጮሃል። ከጎኔ ሙቀቱ አለ። ለምጄዋለሁ ልልሽ ነበር፣ አልለመድኩትም። አንድ ጊዜ ሳላስበው፣ መስኮት ልክፈት እንዴ፣ አልኩት። ለባዶ ወንበር።

ማርቆስ ሳቀብኝ። ሂተሩ ይነፋል ስለው፣ እህቴ ሊሆን አይችልም አለ። በክረምቱ ራሱ በእጁ ዘግቶታል። ቫልቩ ያንጠባጥብ ነበር፣ ከድር አውልቀህ ጣልልኝ ብሎት። እዚህ አገር የሂተር ውሃ ካፈሰሰ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሁለቱን ቱቦ እርስ በርስ አገናኝቶ መርሳት። የመጣለትን መኪና ሁሉ እንደዚያ አድርጎ ነው የሚለቀው። ሙቀት ከጌታ ነው፣ ፀሐይ አለን ይላል። ባልቴቷ ከዚያ ወዲህ ሙቅ አየር የምታመጣበት መንገድ የላትም።

ነገር ግን ትነፋለች። እጁን ዘርግቶ ነካው። መዝሙሩም ቆመ።

ኮፈኑን ከፈተ። ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ነይ እይ አለኝ።

እሱ ያገናኘው ቱቦ ተበጥሷል። ሁለቱም ጫፍ ወደ ድሮው ቦታ፣ ወደ ቫልቩ ተመልሷል። በብረት ማሰሪያ አይደለም፣ በጨርቅ ተጠፍሮ። ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ። የከድር ሸሚዝ ነው፤ እኔ ነኝ የተኮስኩለት፣ በወጣበት ቀን ጠዋት። የቫልቩ ክንድ ክፍት ላይ እንዲቀር በሽቦ ታስሯል። ከዳሽቦርዱ የሚመጣው ገመድ የትም አልተያያዘም። ለዚህ ነው መክፈቻው የማይታዘዘኝ።

አስረዳኝ አልኩት፣ ሁሉንም። አስረዳኝ። ሞተር ውሃ ያፈላል። ከፈላው ጥቂቱ በቱቦ ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፣ ማራገቢያ ይነፋበታል፣ ሰው ይሞቀዋል፣ ውሃው ወደ ሞተር ይመለሳል። ቫልቩ መንገዱ ላይ ያለ ቧንቧ ነው፣ እንደ ማድቤት ቧንቧ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲያረጅ ያፈሳል። ምንጣፌ ላይ ያለው ቀይ ውሃ ይኸው ነው፣ ጉሙም ከእሱ የሚነሳ እንፋሎት ነው። ቫልቩን ለመዝለል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የእሱ፤ ውሃው ወደ ሰው ሳይመጣ እንዲመለስ። ሁለተኛው ቫልቩን ብቻ ማውጣትና ቱቦውን ቀጥታ ማገናኘት፤ ያኔ ክረምት ከበጋ ይነፋል፣ መዝጊያ የለውም። ሁለተኛውን የጠየቀው ሰው እስከ ዛሬ የለም።

እንደ ፊተኛው ልዝጋልሽ አለ። አትንካው አልኩት። ጨርቁ ይለቃል፣ ውሃዋን ትጨርሳለች፣ ሞተሯ ይቃጠላል አለ። እንግዲያው በብረት እሰረው፣ ሌላውን ተወው። ጨርቁን ፈትቶ ሰጠኝ።

ከዚያ ሳልጠይቀው የተናገረው ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው።

«ይኼ በሞቀ ሞተር ነው የተሠራው። እስኪቀዘቅዝ አልጠበቀም። የፈላ ውሃ እጁ ላይ እየፈሰሰ ነው ያሰረው፣ እህቴ። ይህን የሠራ ሰው እጅ የለውም አሁን።»

ታኅ. 15፣ ዓርብ

እጁን አቃጠለላት። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ብቆርጥ ቀና ብሎ የማያይ ሰው።

ሱቅ አልከፈትኩም። እማ ቀጥ ብለው አዩኝ። ልጄን ታሚዋለሽ አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

ጨርቁን አጠብኩ። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም።

ታኅ. 18፣ ሰኞ። ረፋድ

ጽሕፈቴን ታገሺኝ፣ እየተጣደፍኩ ነው።

ጠዋት ባልቴቷን ግቢ ውስጥ አስነሳሁና በዚያ ወንበር ተጋደምኩ። እሷ የተኛችበት ቦታ ተኝቼ ልያት ብዬ ነው። ቂል ነኝ። በሩን ዘጋሁ። ሞተሩ ሞቀ፣ አየሩ መጣ። ፊቴ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ እግሬ ላይ። ትንሽ ቆይቶ ላቤ ወረደ። ከዚያ መተንፈስ አቃተኝ። ከፍቼ ወጣሁ። ጤነኛ ሰው እዚያ አይቀመጥም። ፍቅር የያዘው ሰውም አይቀመጥም። እንዲህ ያለ እሳት ውስጥ ተኝቶ ጨምርልኝ የሚል ማን ነው?

በሩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሰውነቴ ነው ቀድሞኝ ያስታወሰው።

ሁለተኛው ልጄ የወረደ ጊዜ። ሚያዝያ ነበር፣ ቆርቆሮው የሚሰነጠቅበት ሙቀት። ደሜ አልቆም አለ። እኔ ግን በረዶ ነበርኩ። ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ጫኑብኝ፣ የሱቁንም አመጡ፣ አልሞቀኝም። ያ ብርድ ከውጭ አይመጣም፣ ከአጥንት ነው የሚነሳው። ከድር እግሬን ታቅፎ ሲያሽ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ አየው ነበር። እጄ መሞቅ ሲጀምር አለቀሰ።

ያንን ብርድ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አይቶታል።

መኪናዬ ውስጥ ደም የፈሰሰው ሰው ነበር። ወንበሩ ለዚህ ተለጠጠ። ልብሱ ለዚህ ጠፋ። አላህ ሆይ፣ እኔ ምን ስል ከረምኩ።

ኦቦ ደበላ ያውቃሉ። ነገ እሄዳለሁ።

ታኅ. 19፣ ማክሰኞ። ማምሻ

ሄጄ መጣሁ። እንደሆነው ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት የማምነው አይመስለኝም።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፣ ከብቶቹ እግር የላቸውም፣ ጀርባቸው ብቻ ይንሳፈፋል። መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር መኪና የለም። በጉሙ ውስጥ ዳር ዳሩን ሰዎች ቆመዋል፣ ነጭ የለበሱ፣ እጅ አያነሱም፣ አይንቀሳቀሱም፣ መኪናዋን ብቻ ያያሉ። ባልቴቷን የሚያውቋት መሰለኝ። ቆሜ ልጠይቅ አልኩ፣ አልደፈርኩም።

ኦቦ ደበላ በር ላይ ነበሩ፣ እንደሚጠብቁኝ። አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አልኳቸው። መለሱልኝ። ግቢ አላሉኝም። እኔም አልወረድኩም፣ የዚያኛውን በር ከውስጥ ከፈትኩላቸው።

«ኦቦ፣ እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ደም ፈሶታል። ብርድ ይዞት ነበር። ባሌ ሊያሞቀው ሞክሯል። አንቱ ያውቃሉ።»

ወንበሩን አዩት። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ልጃቸው ነው። ለሚ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ረጅም፣ ቀጭን። ከሰልፉ ሲሸሽ በጥይት ተመታ። ከድር ዕቃ አድርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘው። ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ክሊኒኩም ዝግ ነው፣ ወዲህ ወዲያ ሲል ዋለ። ልጁ ቆሪ ነ ቀቤ እያለ ነው፣ ብርድ ያዘኝ ማለት ነው፣ ሌላ ቃል የለውም። ከድር መሀል መንገድ አቁሞ ኮፈን ከፈተ። ሸሚዙን አውልቆ ቀደደ። ከዚያ በኋላ ልጁ ብርድ ማለቱን ተወ፣ ቤቱን አሳየው። ግቢ ሲገቡ በሕይወት ነበር፤ አባቱን አይቷል፣ እናቱን አይቷል። መኪናዋ ውስጥ ነው ያረፈው። ሊያወጡት ሲሉ እናቱ ተዉት፣ እዚህ ይሞቀዋል አለች።

መስታወቱን ይዞ ቀና ለማለት ይሞክር ነበር አሉ፣ ሰፈሩን ለማየት።

ደብተሬ፣ ያጠብኩት እሱን ነው። ደስ እያለኝ ያጠብኩት።

ከድር አልሄደም። እጁ ተልጦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ለቅሶ ተቀመጠ። ያመጣሁትን ሳልቀብር አልሄድም አለ። ቀበሩት። በሦስተኛው ቀን ሰዎች በመኪና መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ልጁን ያመጣው ማን ነው አሉ። ሁሉም አቀረቀረ። ከድር ብቻ ተነሳ። እኔ ነኝ አለ። ወሰዱት።

ኦቦ ደበላን የሚበላቸው ይኼ ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው፣ ጠላትህም ቢሆን፣ ከድንኳንህ ተጎትቶ አይወጣም። ከእሳቸው ድንኳን ወጣ። እሳቸው ተቀምጠው አዩ። ሌሎች ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ ፈራሁ አሉኝ። ለዚህ ነው መኪናዋን መንገድ ዳር አገኘኋት ብለው የዋሹኝ፣ ግቢም ያላሉኝ። እንግዳ የማስገባበት ፊት የለኝም አሉ።

ልቆጣቸው ነበር የመጣሁት መሰለኝ። ቁጣው አልመጣም። እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም።

በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ፣ አሁንም ይነፋል ወይ? ይነፋል አልኳቸው። ገብተው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸውን ለሙቀቱ ሰጡት። ብዙ ቆዩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ አልጠየቅኩም። በመጨረሻ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑና ኢንታላ ኮ አሉኝ። ልጄ።

ወተት አጠጡኝ። የወንበሩን ልብስ ሚስታቸው አጥበው አስቀምጠውት ነበር፣ ይዤው መጣሁ።

ለእማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጂን የለም አልኳቸው። ኖሮ በነበረ አሉ፣ ጂን ይሻል ነበር።

ታኅ. 26፣ ማክሰኞ

ወሬ መጣ። የኦቦ ደበላ የወንድም ልጅ ተለቀቀ፣ ከከተማ ውጭ ካለ አንድ ግቢ። ብዙ ሰው አለ አለ። ስሙን የማይናገር አንድ ሰው አለ፣ እጁ በቡትቶ የተጠቀለለ፣ ኩባያ መያዝ ስለማይችል ሌሎቹ የሚያጎርሱት። ስሙን ከተናገረ በእሱ በኩል ወደ እኛ ይመጣሉ ብሎ ይፈራል። ለዚያ ነው በስሙ ስፈልገው የለም የሚሉኝ!

ብርድ ልብስ ሲሰጡት ለሌላ ይሰጣል፣ እኔ ይሞቀኛል ይላል አለ።

ሳቅኩ። ስልኩን ይዤ ሳቅኩ። እማ አበደች ብለው መጡ። እሱ ነው እማ፣ አልኳቸው። ሌላ ማን ሊሆን።

ጥር 4፣ ረቡዕ። ሰበታ

ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰማ፣ አንድም ሰው ወሬ አልጀመረም። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው። ከድር ግን አልመጣም። እዚያ ግቢ በር ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ተመለስኩ፤ እዚህ እንዲህ ያለ ሰው የለንም አሉኝ።

ትናንት ኦቦ ደበላ ቡራዩ ድረስ መጡ፣ በበቅሎና በሚኒባስ። እኔ እገባለሁ አሉ። ልጁ የእኔ ነው፣ ያ ሰው የቆሰለ ልጅ ቤቱ ያደረሰ እንጂ ሌላ ነገር የለበትም ብዬ በአፌ እናገራለሁ። አይሆንም አልኳቸው፤ አንቱንም ያስቀራሉ። ሌሎች ልጆች አሉኝ ብለውኝ አልነበር አልኳቸው። አሉኝ፣ ግን አደጉ አሉ። ፈርቼ ያየሁትን ሳልፈራ ላየው እፈልጋለሁ። እማ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ኦቦ ያዟቸው።

ስለዚህ ማርቆስ ጋ መጣሁ። ቫልቩ ጠዋት ጨርሶ ተሰነጠቀ፣ ምንጣፉ ኩሬ ሆነ፣ በዚህ መንገድ አትሄድም። እንደ ፊተኛው ልዝጋው አለኝ፣ እንደገና። ሁለተኛውን ሥራልኝ አልኩት። ቫልቩን አውጣ፣ ቀጥታ አገናኘው። መዝጊያ አይኖረውም አለ። አይኑረው። መጋቢት ሲመጣ ትረግሚኛለሽ አለኝ። እረግምህ ይሆናል።

ሠራው። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ማሰሪያ። የምንጣፉን ውሃ መጠጥን። ሞተሩን አስነስተን ጠበቅን። አንድ ጠብታ የለም። መስታወቱ አልደመነም፣ ጥርት ብሎ ቀረ። ሙቀቱ ግን መጣ። ማርቆስ እጁን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ ጸለየ። እኔም በራሴ መንገድ አሚን አልኩ።

ጥር 5፣ ሐሙስ። የግቢው በር ፊት ለፊት

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኦቦ ደበላ ገቡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን መኪና ውስጥ ትተው። ዱላ ይዤ ብገባ ሌላ ይመስላቸዋል አሉ። አንድ ወታደር ፈትሾ አስገባቸው።

ሞተሩን አላጠፋሁም። ሲወጡ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝባቸው።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ከግንቡ ጀርባ ድምፅ አይሰማም። ይህን ያህል ሰው ውስጥ ካለ እንዴት አይሰማም? አንድ ቁራ ግንቡ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ቀትር አለፈ። ወታደሩ ተቀየረ። አዲሱን ጠየቅኩት። ማንም ሽማግሌ አልገባም አለኝ። ዱላቸውን አሳየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ።

9 ሰዓት። በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው ነው።

ኦቦ ደበላ አይደሉም።

ሁለት እጁ በቡትቶ ተጠቅልሏል። ከሲታ። ፂም። ፀሐይዋ ዓይኑን ወጋችው መሰለኝ ቆመ። ባልቴቷን አያት። ከኋላው በሩ ተዘጋ። ሌላ የወጣ የለም።

ከድር ወንበሩ ላይ ነው አሁን። በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩለት፣ መክፈት አይችልም። አላቀፍኩትም፣ እጁን ፈርቼ ፊቱን ያዝኩት። ሙቀቱ ደረቱ ላይ ሲመጣ አለቀሰ። ዝጊው ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ዱላውን አየ፣ የማን እንደሆነ አወቀ። ሽማግሌውስ አለኝ።

ውስጥ ናቸው አልኩት።

ወታደሩ እየመጣ ነው። በእጁ ሂዱ ሂዱ ይለናል። ከድር ወደ በሩ ያያል። ነዳጁ ጥቂት ነው፣ እስከ ማታ ያዘልቀናል። ኦቦ ደበላ ሳይወጡ አንሄድም። ለወታደሩ ይህን ልነግረው መስታወቱን ዝቅ ላደርግ ነው።